«የኔ ጸሎት የት ይደርሳል?» አንበል
(ለግሸን ማርያም ተጓዦች በደሴ የተደረገ ንግግር)

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፣ አሜን።

አባቶቼ ካህናት፣ እናቶቼ፣ ወንድሞቼና እህቶቼ፣ እንደምን ዋላችሁ? እንኳን ለመስቀሉ ወር በሰላም አደረሳችሁ።

ነገ ወደ ግሸን እንወጣለን። ሰብሳቢያችን ስለ ጉዞው ጥቂት እንድናገር ጠይቀውኛል። ስለ ስንቁና ስለ መኪናው ሌሎች ይነግሯችኋል። እኔን ከቤቴ ያመጣኝ ግን የጸሎታችን ነገር ነው።

ግሸንን ለእናንተ አላስተዋውቅም። ወሎ ተወልዶ መስቀለኛውን አምባ የማያውቅ ማን አለ? ግማደ መስቀሉ በአፄ ዘርዓ ያዕቆብ ዘመን እዚያ ማረፉን፣ «አንብር መስቀልየ በዲበ መስቀል»፣ ማለትም «መስቀሌን በመስቀል ላይ አኑር» የሚለውንም ቃል ከልጅነታችን ጀምሮ ስንሰማ አድገናል። መስከረም 21 ሲደርስ ያ ዳገት በነጭ ነጠላ ይሸፈናል። ይሄን ሁሉ መንገድ ከሚመጣው ሕዝብ ውስጥ ግን ስንቱ ነው «እኔ እኮ ምን ጸሎት አለኝ» እያለ የሚወጣው!

አንድ ዓመት ዳገቱ መሐል ላይ አንዲት እናት አገኘሁ። ድንጋይ ተደግፈው ተቀምጠዋል። ውኃ ሰጠኋቸው። መርቀውኝ ሲያበቁ የነጠላቸውን ጫፍ ፈቱና የተጣጠፈ ብር አወጡ። «ልጄ፣ እባክህ ይቺን ለአንድ አባት አድርስልኝ። ልጄን ያስቡልኝ» አሉኝ። ልጃቸው አረብ አገር ከሄደች ቆይታለች። መጀመሪያ ትደውል ነበር። ኋላ ድምፅዋ ጠፋ። እዚህ አዳራሽ ውስጥ ይሄ ታሪክ የቤቱ ታሪክ የሆነበት ሰው እንዳለ አውቃለሁ።

«እርስዎስ እማማ፣ አይጸልዩላትም?» አልኋቸው።

«እኔማ በምን አፌ! ፊደል አልቆጠርሁ። ዳዊት አልደግም። የኔ ጸሎት የት ይደርሳል?»

«ሌሊት እንቅልፍ እምቢ ሲልዎትስ ምን ያደርጋሉ?»

ዝም አሉ። ከዚያ፣ «ተነስቼ እቆማለሁ። ‹ጌታዬ፣ እኔ አላያትም፤ አንተ ግን ታያታለህ። የኔን ልጅ አደራ› እላለሁ። ይሄ እንኳ ጸሎት አይደለም» አሉኝ።

ወገኖቼ፣ ይሄ ጸሎት ካልሆነ ምን ጸሎት አለ? «እኔ አላያትም» ሲሉ አቅማቸውን አወቁ። «አንተ ታያታለህ» ሲሉ አባታቸውን አወቁ። ትሕትናውም ድፍረቱም እዚያች አንዲት ዓረፍተ ነገር ውስጥ ነው። ታዲያ እኚህን እናት «ያንቺ ጸሎት አይደርስም» ብሎ ያሳመናቸው ማነው?

እኛ ነን! ስም የምንጠራበት ድምፅ ማጉያ ነው! የትኛው ቦታ እንደሆነ አልናገርም፤ ግን በዓይኔ ያየሁትን ነው የምነግራችሁ። ምሕላ ላይ የጸሎት ማስታወሻ ይሰበሰባል። ብዙ ብር የተያያዘበት ወረቀት ቀድሞ ይነበባል፤ የባለቤቱ ስም ሁለት ሦስቴ ይጠራል። የድኻዋ ወረቀት ሳይነበብ ሰዓት አለቀ ይባላል። ይቺ ሴት ቤቷ ስትገባ ምን ብላ ታስብ? እግዚአብሔርም ሰዓት አለቀበት ትበል?

«አባቴ፣ በጸሎትዎ ያስቡኝ» ማለት የቆየ ሥርዓታችን ነው። እሱን አልነካም፤ እኔም እላለሁ። የምቃወመው ዋጋ የተለጠፈበትን ጸሎት ነው። የነቢዩ ሳሙኤልን እናት የሐናን ነገር አስታውሱ። ሴሎ ላይ በልቧ ስትጸልይ ከንፈሯ ብቻ ይንቀሳቀስ ነበር። ካህኑ ዔሊ ሰከረች ብሎ ገሠጻት። እሷ አልተሳደበችም፤ ጸሎቷንም አልተወችም። «ልቧ ያዘነባት ሴት ነኝ» አለችው። ከዚያች ድምፅ አልባ ጸሎት ሳሙኤል ተገኘ። ድምፅ ማጉያ አልነበራትም!

በሌላ በኩል ደግሞ ፈጣሪን እንደ ተላላኪ የሚያዙ አሉ። «አሁኑኑ ይሁን!» ብለው ይጮኻሉ። ሳይሆን ሲቀር «እምነትህ አንሶ ነው» ብለው ሸክሙን በበሽተኛው ላይ ይጥሉታል። ይሄን ወሎ ላይ ቆሞ የሚናገር ሰው እንዴት አፉ ቻለ? በ1977 ድርቅ ኮረም ሜዳ ላይ የወደቀው ሕዝብ እምነት አንሶት ነው? እናቶቻችን በዚያ ረሃብ «እግዚኦ» ሳይሉ ያደሩበት ሌሊት ነበር? ያን ሕዝብ እምነት አነሰው የሚል ሰው መጀመሪያ ይቅርታ ይጠይቅ!

ጌታችን ራሱ በጌቴሴማኒ ጽዋው እንዲያልፍ ለምኗል። አባት ብሎ ነው የለመነው። ከዚያም «የአንተ ፈቃድ ይሁን» አለ። ሐዋርያው ጳውሎስም የሥጋው መውጊያ እንዲነሣለት ሦስት ጊዜ ለምኖ «ጸጋዬ ይበቃሃል» ተባለ። እምነት አነሰው የሚል አለ?

አብርሃምን ደግሞ እዩት። ስለ ሰዶም ሲማልድ ከ50 ጻድቃን ተነስቶ እስከ 10 ወረደ። «እኔ አፈርና አመድ ስሆን» ይላል፤ ግን መለመኑን አያቆምም። ጎንበስ ብሎ ይጠይቃል፣ ደግሞ ይጠይቃል። እግዚአብሔርም አልተቆጣውም። የዕብራውያን መልእክትም በድካማችን የሚራራልን ሊቀ ካህናት ስላለን «ወደ ጸጋው ዙፋን በእምነት እንቅረብ» ይለናል። ጥሪው ለሁላችን ነው፤ ዳዊት ለሚደግመውም፣ ፊደል ላልቆጠረውም።

ስለ ቀራጩና ስለ ፈሪሳዊው ልናገር አስቤ ነበር፤ ሰዓቱ ሄደ። ሉቃስ 18 ላይ ነው፤ መኪና ውስጥ አንብቡት።

አንድ ነገር ለምኜ ልውረድ። የዘንድሮው የጸሎት ማስታወሻ ብር አይያያዝበት። ስጦታ ያለው በሙዳየ ምጽዋቱ ይክተት። ወረቀቱ በመጣበት ተራ ይነበብ፤ ሁሉንም ማንበብ ካልተቻለ የማንም አይነበብ፣ በአንድነት ይጸለይበት። መጻፍ የማይችሉ እናቶች ነገ ጠዋት መኪናው ሳይነሳ ወደኔ ይምጡ፤ እኔ እጽፍላቸዋለሁ። ሰብሳቢያችን፣ በዚህ ላይ ዛሬውኑ እዚሁ ፊታችን ይወስኑልን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።