ከጣት ወደ ሪል

ጤና ይስጥልኝ። እንደምን ሰነበታችሁ? ዛሬ ብቻዬን ነኝ፣ እንግዳ የለም። ከምሽቱ 4 ሰዓት ሆኗል። ልጆቹ ተኝተዋል፣ እኔ ደግሞ ቤት ውስጥ ድምፅ ላለማሰማት መኪና ውስጥ ገብቼ ነው የምቀዳው። ከኋላ ወንበር ላይ ሁለት የአሳ ማጥመጃ ዘንግ ተጋድሟል። ትንሽ አሳ አሳ ይሸታል። ባለቤቴ ስለዚህ ሽታ ያላት አስተያየት ለሌላ ቀን ይቆየን።

ሰሞኑን ሰዎች የሚጠይቁኝ አንድ ጥያቄ አለ። «አሳ ማጥመድ ልጀምር ነበር፣ ብዙ ገንዘብ ማውጣት አልፈልግም፣ ምን ልግዛ?» እዚህ ቨርጂኒያ፣ በተለይ አሌክሳንድሪያ አካባቢ ያለን ሰዎች ሀይቁም ወንዙም ቅርባችን ነው። በርክ ሌክ አለ፣ ፖቶማክ አለ። ቅዳሜ ጠዋት ከቡና በፊት ሄዶ መመለስ ይቻላል። ግን ሰው ሱቅ ገብቶ አንድ ግድግዳ ሙሉ የተደረደረ ዘንግ ሲያይ ይደነግጣል። ከ20 ዶላር ይጀምርና 500 ይደርሳል። እኔም ደንግጫለሁ። ደንግጬም ሁለቴ ተሳስቻለሁ።

መጀመሪያ ግን ሀዋሳ ልውሰዳችሁ።

እኔ ሀይቁ ዳር ነው ያደግኩት። አሞራ ገደልን የምታውቁ ታውቁታላችሁ። ጀልባዎቹ ገብተው አሳው ሲገለበጥ፣ አባ ኮዳዎቹ ራሰ በራቸውን ይዘው እንደ ሽማግሌ ተሰልፈው አንጀት ሲጠብቁ። እኛ ልጆቹ ጀልባም መረብም አልነበረንም። የነበረን ናይለን ክር ነው። ክሩን እንጨት ላይ ወይ የውሃ ፕላስቲክ ላይ እንጠመጥመዋለን። ጫፉ ላይ መንጠቆ፣ ከመንጠቆው ከፍ ብሎ ክብደት የሚሰጥ ትንሽ ነገር፣ ብሎንም ቢሆን። ትል ሰክተህ በራስህ ላይ አዙረህ ትወረውራለህ። ከዚያ ክሩን ሌባ ጣትህ ላይ አድርገህ ትቀመጣለህ።

ነገሩ ሁሉ ያቺ ጣት ናት። ቆሮሶ ሲነካው እንደ ልብ ትርታ ነው፣ ትክ ትክ ይላል። አምባዛ ሲሆን ግን ጨዋታ የለም፣ ይዞ ይሄዳል። ያን ጊዜ ክሩን ጨምድደህ ከያዝክ ወይ ይበጠሳል ወይ ጣትህን ይቆርጥሃል። እዚህ የሌባ ጣቴ መታጠፊያ ላይ ነጭ መስመር አለች፣ ያኔ የተቆረጥኳት ናት። ስለዚህ ትለቅለታለህ። እየያዝክ ትለቃለህ። ሲደክመው ትሰበስባለህ። ማንም አላስተማረንም፣ ጣት ራሷ ትማራለች።

ይህን የማወራው ናፍቆት ስለያዘኝ ብቻ አይደለም። እሺ፣ ትንሽ ይዞኛል። ግን ሪል የሚባለው፣ ዘንጉ ላይ ተገጥሞ ክሩን የሚጠመጥመው ማሽን ውስጥ ካለው ሁሉ ዋናው ክፍል የዚያችን ጣት ሥራ የሚሠራው ነው። ድራግ ይሉታል። የመኪና ፍሪሲዮን በሉት። አሳው ከተወሰነ ጉልበት በላይ ሲጎትት ክሩን እየያዘ ይለቅለታል። አጠበቅከውም አላላኸውም ራስህ በቁልፍ ታስተካክለዋለህ። ይህን ቀድሜ ባውቅ ኖሮ የመጀመሪያውን ስህተት አልሠራም ነበር።

የመጀመሪያው ስህተት እንዲህ ነው። አንድ ትልቅ ሱቅ ገባሁ። ዘንግና ሪል አንድ ላይ በፕላስቲክ የታሸገ፣ ከነመንጠቆው፣ ከነቡሹ፣ ከነሳጥኑ፣ 20 ዶላር ከምናምን። ሀበሻ ነኝ፣ «ከነ» የሚል ነገር ይገዛኛል። ሁለት ቅዳሜ ሠራ። በሦስተኛው ቅዳሜ በርክ ሌክ ድልድይ መሳዩ ላይ ቆሜ ባስ የሚሉትን አሳ፣ ደህና የሚያህል፣ ያዝኩ። አንዴ ዘሎ አየሁት። ከዚያ ድራጉ ነቀፍ አለ። ትንሽ ይለቃል፣ ቀጥ ይላል፣ ትንሽ ይለቃል፣ ቀጥ ይላል። በሁለተኛው ቀጥ ሲል ክሩ «ጧ» አለ። አለቀ። አጠገቤ የነበረ አንድ ልጅ እጁን ራሱ ላይ ጭኖ አዘነልኝ።

እኔ ምን አደረግኩ? ተናድጄ ወደ ሌላኛው ጫፍ ሮጥኩ። 170 ዶላር የሚያወጣ ንጹህ ግራፋይት ዘንግ ገዛሁ። ቀላል ነው፣ ላባ ነው። ጫፉ ላይ ዝንብ ብታርፍ ይሰማሃል። ለአንድ ወር ንጉሥ ነበርኩ። ከዚያ አንድ ማታ የመኪና በር ዘጋሁበት። እንደ ደረቅ ስፓጌቲ ነው የተሰበረው። በዋስትናው የተጻፈውን ሳነብ የመኪና በር አይሸፍንም። ትክክል ናቸው፣ በሩን የዘጋሁት እኔ ነኝ።

እንግዲህ አሁን ያለኝ አስተያየት ከእነዚህ ሁለት ኪሳራዎች መሀል የወጣ ነው። ለጀማሪ ከ50 እስከ 60 ዶላር፣ ዘንግና ሪል አንድ ላይ። ከዚያ በታች የሚሠራ ነገር የለም አልልም፣ ቆይቼ እመጣበታለሁ። ከዚያ በላይ ግን ለአንድ ዓመት አትሂዱ።

ዘንጉን ላስቀድም፣ አጭር ነው። 6 ጫማ ተኩል፣ ሁለት ሜትር ገደማ። እጀታው አጠገብ ትንንሽ ጽሑፍ አለ፤ ሚዲየም፣ መካከለኛ ጥንካሬ ያለው፣ የሚለውን ፈልጉ። ለሁለት የሚፈታ ይሁን፣ መኪና ውስጥ ይገባል። በሩን ስትዘጉ ግን እዩ። የተሠራበት ነገር ፋይበርግላስና ግራፋይት የተቀላቀለበት ቢሆን እመርጣለሁ። አግሊ ስቲክ የሚባለው ከ1976 ጀምሮ በዚህ ድብልቅ ነው የሚሠራው። ስሙ አስቀያሚ ዱላ እንደ ማለት ነው። ከበድ ይላል፣ እንደ ግራፋይቱ ትንሽ ንክኪ ሁሉ አያሰማም፣ ግን ይታጠፋል እንጂ በቀላሉ አይሰበርም። ልጅ ይረግጠዋል፣ መኪና ኋላ ይጣላል፣ ይኖራል። አንድ ነገር ብቻ፦ ሱቅ ስትሄዱ የጆሮ ጥጥ ይዛችሁ ሂዱ። ክሩ የሚያልፍባቸውን ቀለበቶች በጥጡ ውስጥ ውስጡን እሹት። ጥጡን ከያዘው ቀለበቱ ተሰንጥቋል ማለት ነው፣ ክራችሁን እንደ ምላጭ ይበላዋል። ሻጩ እንደ እብድ ሊያያችሁ ይችላል። ይየው።

አሁን ሪሉ። ስፒኒንግ የሚባለውን ዓይነት፣ ከዘንጉ ሥር የሚንጠለጠለውን። ላዩ ላይ ቁጥር አለ፣ 1000፣ 2500፣ 4000 እያለ ይሄዳል። መጠኑ ነው። ለሀይቅ አሳ 2500 በቂ ነው። ካርቶኑ ላይ «10 ኩሽኔታ» ምናምን ብሎ በትልቁ ይጽፋል። አትታለሉ። ልጅ ሆነን ኩሽኔታ ፈልገን የእንጨት መኪና ስንሠራ አራት ደህና ኩሽኔታ ከአሥር ዝገት ይሻል እንደነበር ታስታውሳላችሁ። ይሄም ያው ነው። እጀታውን ቀስ ብላችሁ አዙሩት። ኮረኮንች ላይ እንደሚሄድ ጋሪ ካንገጫገጨ መልሱት። ከዚያ ድራጉን ትንሽ አላልታችሁ ክሩን በእጃችሁ ጎትቱ። ሲጀምር ሳይነቅፍ፣ እንደ ቅቤ መልቀቅ አለበት። ክር ከሌለው ክሩ የሚጠመጠምበትን ራሱን በጣት አዙሩት። እኔ ሱቅ ውስጥ ዓይኔን ጨፍኜ ነው የምሞክረው። ጣቴን የመሰለኝን እገዛለሁ።

ስንት ላጥብቀው ለምትሉ፣ ልኩ ክሩ ከሚችለው ክብደት ሩብ ገደማ ነው። 8 ፓውንድ የሚችል ክር ከሆነ 2 ፓውንድ፣ አንድ ኪሎ ግድም። በምን ይለካል? እያንዳንዱ ሀበሻ ቤት የሻንጣ ሚዛን አለ። ያቺ 23 ኪሎ አለፈ አላለፈ እያልን የምንጨቃጨቅባት። የክሩን ጫፍ ሚዛኑ መንጠቆ ላይ እሰሩ፣ ዘንጉን ይዛችሁ ጎትቱ፣ አንድ ኪሎ ላይ መልቀቅ እስኪጀምር ቁልፉን አስተካክሉ። የኔ ሚዛን ጠፍቶብኝ ከጎረቤቴ ከጋሼ ተውሼ ነው የምጠቀመው። ስለ ጋሼ እመጣለሁ።

ክር! ሰው የሚረሳው እሱን ነው። ከሪሉ ጋር ተጠምጥሞ የሚመጣው ክር መደርደሪያ ላይ ስንት ጊዜ እንደቆየ አይታወቅም። ስትወረውሩት እንደ ስልክ ገመድ ተጠቅልሎ ይወጣል። አውጥታችሁ ጣሉት፣ ግን ሀይቁ ዳር አይደለም፣ ወፍ ያስራል። ከ10 ዶላር በታች አዲስ 8 ፓውንድ ናይለን ግዙ። 60 ዶላር ሪል ላይ ያረጀ ክር ከማድረግ 30 ዶላር ሪል ላይ አዲስ ክር ማድረግ ይሻላል። ሲጠመጠም እስከ ከንፈሩ አትሙሉት፣ ሁለት ሦስት ሚሊ ሜትር ተዉለት፣ አለዚያ እየዘለለ ይተበተባል። ስትቋጥሩ ደግሞ ከማጥበቃችሁ በፊት በምራቅ አርጥቡት። ደረቅ ቋጠሮ ሲጠብቅ ፍትጊያው ናይለኑን ያዳክመዋል። ሀዋሳ ምክንያቱን ሳናውቅ እናደርገው ነበር።

አንድ ማስጠንቀቂያ። ይህ ብሉ ካትፊሽ ለሚባሉት ትልልቅ የፖቶማክ አሳዎች፣ ለአምባዛ ዘመዶች፣ አይሆንም። በ2011 በቨርጂኒያና በኖርዝ ካሮላይና ድንበር ላይ ያለው ኬር ሌክ ውስጥ 143 ፓውንድ ብሉ ካትፊሽ ተይዟል። 65 ኪሎ ማለት ነው፣ ከኔ ብዙም አያንስም። እሱ ሌላ ዘንግ፣ ሌላ ወገብ ይፈልጋል። ፈቃድም እንዳትረሱ። ከ16 ዓመት በታች ያሉ ልጆች አያስፈልጋቸውም።

አሁን ጋሼ። ጋሼ ጡረታ የወጡ ጎረቤቴ ናቸው። ባሕር ዳር ነው ያደጉት፣ ጣና ላይ፣ በታንኳ። እዚህ ፓርኪንግ ውስጥ 20 ምናምን ዓመት ሠርተዋል። ባለፈው ሚያዝያ ይዣቸው ሄድኩ። የኔን ትርፍ ሪል፣ ያንን ጎበዝ ስፒኒንግ፣ ሰጠኋቸው። ክሩን በጣት ይዞ፣ ቀስት መሳዩን ሽቦ ከፍቶ፣ ወርውሮ፣ ጣት ለቅቆ፣ ሽቦውን መልሶ መዝጋት ነው። የጋሼ መገጣጠሚያዎች ግን ቁርጥማት አለባቸው። አምስት ጊዜ ሞከሩ። በስድስተኛው ዘንጉን አስቀምጠው ተቀመጡ።

«ጋሼ፣ ላግዝዎት?»

«ተወው ልጄ። አየሩን ልቀበል። አንተ አጥምድ።»

ያ ቀን አልተዋጠልኝም። ሳምንቱን ያንን ቁልፍ ተጭነው የሚወረውሩትን ገዛሁላቸው፣ የተሸፈነውን፣ እዚህ የልጆች ነው ብለው የሚንቁትን። ዜብኮ። እኔም እንቀው ነበር። ታሪኩን ሳነብ ግን አፈርኩ። አር. ዲ. ሀል የሚባል የቴክሳስ ሰዓት ጠጋኝ ነው ያመጣው። ግሮሰሪ ውስጥ ሻጩ ዕቃ ለማሰር ሲባጎ ከማይዞር ጥቅል ላይ ሲስብ አይቶ፣ ክር እንዲህ ነጻ ቢለቀቅ አይተበተብም ብሎ አሰበ ይባላል። ሐሳቡን በ1947 ኦክላሆማ፣ ተልሳ ላለ ድርጅት ወሰደው። ድርጅቱ ለነዳጅ ጉድጓድ የሚሆን ቦምብ የሚሠራ ነበር። ስሙም የዜሮ ሰዓት ቦምብ ኩባንያ። ዜብኮ የዚያ ምህጻረ ቃል ነው። በ1949 የመጀመሪያው ሪል ወጣ። የቦምብ ፋብሪካ የአሳ ማጥመጃ ሆኖ ሲቀር ደስ አይልም?

እርግጥ ጉድለት አለው። እሩቅ አይወረውርም። ውስጡ ስለማይታይ ክሩ ሲበላሽ ዘግይተህ ነው የምታውቀው። ግን 30 ዶላር አካባቢ ነው፣ አንድ አውራ ጣት ብቻ ነው የሚፈልገው። ከዚያ በታች የሚሠራ የለም አልልም ያልኩት ይህንን ነው።

ጋሼ ተጫኑ፣ ወረወሩ፣ ለቀቁ። «ጭልፕ» አለ። ዘወር ብለው አዩኝ። ከሩብ ሰዓት በኋላ ካትፊሽ ያዙ፣ የክንዴን ያህል። ድራጉ ሲጮህ ምንም ሳልነግራቸው ዘንጉን ቀና አድርገው ጠበቁት። ጣና ያስተማራቸው አልጠፋም። «ይሄ አምባዛ ነው» አሉኝ። ዘሩ ይለያል ልላቸው ነበር፣ ተውኩት። እኔ በዚያ ቀን የያዝኩት አንድ የሳር ጉንጉን ነው።

እና... ቆይ፣ ስልኬ እየጮኸ ነው። ራሳቸው ናቸው። አንዴ ላንሳ።

ተመልሻለሁ። ቅዳሜ ከሌሊቱ 11 ሰዓት በር ላይ ነኝ፣ ትሉን አንተ ያዝ አሉኝ። ሚዛኔንም መልስልኝ፣ አገር ቤት የምትሄድ የእህቴ ልጅ ሻንጣ ልትመዝን ትፈልጋለች አሉ። ሚዛኑ እዚህ እጄ ላይ ነው፣ አሸተትኩት። በሎሚ ማሸት አለብኝ። ደህና እደሩ።