ከጎንደር እስከ ላሊበላ ምን ያህል ይርቃል?

ጤና ይስጥልኝ፣ የተከበራችሁ አድማጮች። ዛሬ የማነሣው በጎንደርና በላሊበላ አውሮፕላን ማረፊያዎች መካከል ስላለው ርቀት ነው። በቀጥታ መስመር ሲለካ 180 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ በመኪና ግን በአዲስ ዘመን፣ በወረታ፣ በደብረ ታቦር፣ በንፋስ መውጫና በጋሸና ዞሮ ለመድረስ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ መጓዝ ግድ ይላል። ይህን ሁሉ ልዩነት ያመጣው የመሬቱ አቀማመጥ ነው፤ በመካከል የበለሳ ቆላና የተከዜ ሸለቆ ስላሉ መንገዱ ገደሉን ሸሽቶ በጉና ግርጌ ያልፋል።

በሀገር ውስጥ መስመሮች የምናውቀው ዳሽ 8 ኪው400 አውሮፕላን በሰዓት እስከ 667 ኪሎ ሜትር ይበራል። በዚህ ስሌት ጉዞው በ16 ደቂቃ ማለቅ ነበረበት፤ ነገር ግን ቀጥታ በረራው ግማሽ ሰዓት አካባቢ ይወስዳል። ሁለቱም ማረፊያዎች ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,000 ሜትር ገደማ ላይ ስለሚገኙና አየሩ ስስ ስለሆነ አውሮፕላኑ ለመነሣት ረዘም ያለ መንደርደሪያ ይፈልጋል፤ ከዚያም ከ4,000 ሜትር የሚበልጡ ተራሮች ባሉበት አካባቢ በቂ ከፍታ እስኪይዝ ድረስ ይወጣል፣ ብዙም ሳይቆይ መውረድ ይጀምራል። በሙሉ ፍጥነቱ የሚበርበት ጊዜ እጅግ አጭር ነው። በስተቀኝ የተቀመጠ መንገደኛ፣ ሰማዩ ጥርት ካለ፣ ጉናን በሩቁ ያየዋል፤ ከዚያ አምባዎቹና በየዳገቱ የተሠሩት እርከኖች ይከተላሉ፣ ተከዜም በበጋ ቀጥኖ በሸለቆው ውስጥ ይታያል።

የበረራው ሰዓት ብቻውን ስለ ጉዞው የሚነግረን ጥቂት ነው። የጎንደሩ ማረፊያ ከከተማው ወጣ ብሎ አዘዞ አጠገብ ነው፤ የላሊበላው ደግሞ ሹምሸሃ ሜዳ ላይ ነው፣ ከከተማዋ ከ20 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል፣ ከእርሷም በ500 ሜትር ያህል ዝቅ ይላል። ስለዚህ ከአውሮፕላን የወረደ ሰው ገና ጠመዝማዛውን ዳገት በመኪና መውጣት ይቀረዋል፤ ፍተሻውና ሻንጣ መጠበቁ ሲታከልበት በምድር ላይ የሚያልፈው ጊዜ በአየር ላይ ካለፈው ይበልጣል።

ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ግን ቀጥታ በረራ የማይኖርበት ጊዜ ነው። ያን ጊዜ የጎንደር ሰው ወደ ላሊበላ ለመብረር መጀመሪያ አዲስ አበባ መውረድ አለበት፤ ይህም ወደ 420 ኪሎ ሜትር ሄዶ 330 ያህል መመለስ፣ በድምሩ ከቀጥታው ርቀት አራት እጥፍ በላይ መብረር ነው። መንገደኛ ሲያንስ አውሮፕላን መመደብ እንደሚከብድ እረዳለሁ። ሆኖም በገና ሰሞን ከጎንደርና ከአካባቢው የሚነሣው ምእመን ብዙ ነውና፣ ቢያንስ በዚያ ወቅት ሁለቱን ከተሞች በቀጥታ ማገናኘት ተገቢ ነው ብዬ አምናለሁ።

እናቴ ላሊበላን ለመሳለም ከተመኘች ቆይታለች፤ ጉልበቷን ስለሚያማት ሙሉ ቀን አውቶቡስ ላይ መቀመጥ አይሆንላትም። ለመጪው ገና ቀጥታ በረራ ካገኘን ጠዋት ከአዘዞ ተነሥተን ከቀትር በፊት ቤተ ማርያም ደጅ እንደርሳለን። ካላገኘን በአዲስ አበባ በኩል እንሄዳለን፤ እህቴ ቤት አንድ ሌሊት አርፋ በማግስቱ እንድትቀጥል ከወዲሁ ተነጋግረናል።