መብራቱን ያጠፋ እጁን ያውጣ

የተከበራችሁ የሙያ ባልደረቦቼ፣

ስለ አዲሱ የኤሌክትሮኒክ አሞርዛተር ቴክኖሎጂ ተናገር ተብዬ ነው የቆምኩት። እናገራለሁ። መጀመሪያ ግን አንድ ጥያቄ አለኝ። የተበላሸ ኤሌክትሮኒክ አሞርዛተር አውጥቶ ተራውን ያሰረ፣ የዳሽቦርዱ የማስጠንቀቂያ መብራት እንዳይበራም፣ ኮምፒውተሩ ዋናው አሞርዛተር ያለ እንዲመስለው ሶኬቱ ላይ ሬዚስተር የሰካ እስቲ እጁን ያውጣ።

አትፈሩ። የእኔ እጅ ወጥቷል።

አንድ ደንበኛ አሉኝ። የመኪናቸው የኋላ ሁለት አሞርዛተሮች ዘይት አፍስሰዋል። የዋናውን፣ የኤሌክትሮኒኩን ዋጋ ሲሰሙ ክው አሉ። «ግድ የለም ጋሼ፣ ተራውን እናስርልዎታለን» አልኳቸው። አሰርኩ። ሬዚስተሯን በየድኩ፣ ጥቁር ቴፕ ጠቀለልኩባት። መብራቱ ድርግም አለ። መርቀውኝ ሄዱ። እኔም ኮራሁ እኮ!

በሳምንቱ መጡ። «እንደ ሶፋ ሆኗል፣ እስቲ ንዳው» አሉኝ። ቀጥታው መንገድ ላይ እውነትም ሶፋ ነው። ኩርባው ላይ ግን ጉድጓድ ገባን። ኋላው ነጠረ። ደግሞ ነጠረ። ጎማው መሬት ለቀቀና መኪናው በጎኑ ሄደ። መሪውን ታግዬ፣ የመንገዱ ጠርዝ ላይ ቆምን። ዳሽቦርዱ ላይ አንድም መብራት የለም። ኮምፒውተሩ እኮ «አጠንክር» እያለ ነበር፤ ትእዛዙን የሚቀበለው ግን ሬዚስተር ነው!

«አሞርዛተር የምቾት ዕቃ ነው» የምትሉ፣ እባካችሁ ተዉን! መኪናውን የሚሸከመው ሞላው ነው። አሞርዛተሩ ዝላዩን ገትቶ ጎማውን መሬት ላይ ያቆያል። አንድ ጎማ መንገዱን የሚነካው በመዳፍ በሚያክል ቦታ ነው። እሷ ከለቀቀች ፍሬንም መሪም የለም።

ተራው አሞርዛተር የጥንካሬው ልክ አንድ ነው። ካለሰለስነው ኩርባ ላይ ይዋልላል፣ ካጠነከርነው ወገብ ይቆርጣል። እ.ኤ.አ. በ1974 መሐንዲሱ ዲን ካርኖፕና ባልደረቦቹ አንድ ሐሳብ አሳተሙ፦ የአሞርዛተሩ አንዱ ጫፍ ሰማይ ላይ ቢታሰር የመኪናው አካል ይረጋ ነበር። ሰማይ ላይ ማሰር አይቻልም። በኤሌክትሮኒኩ ግን ኮምፒውተሩ የአካሉንና የጎማውን እንቅስቃሴ እየለካ፣ አሞርዛተሩ የቱ ጊዜ ጠንክሮ የቱ ጊዜ እንደሚላላ ይወስናል። እ.ኤ.አ. በ2002 ካዲላክ መኪና ላይ የወጣው አሞርዛተር ደግሞ ዘይቱ ውስጥ የብረት ብናኝ አለው። ኤሌክትሪክ ሲለቀቅ ብናኙ በመግነጢስ ይሰለፋል፣ ዘይቱ ይወፍራል። ዓይናችሁን ሳትጨፍኑ ያልቃል።

ስልጠናም ያስፈልገናል፣ እሱን ታውቁታላችሁ።

ደንበኛው ዋናውን መግዛት ካልቻለ አንፍረድበት። ተራውን እንሰርለት፣ ሁለቱንም ጎን። ምን እንዳሰርን ደረሰኙ ላይ እንጻፍለት። መብራቱ ግን ይብራ! ይብራ!

ይቺ ሬዚስተር ከዚያ መኪና የነቀልኳት ናት። ቴፑ አሁንም አለባት። ጠረጴዛው ላይ ትቻታለሁ፣ ስትወጡ እዩዋት።