«ሴኞ» እና የወሩ ደብዳቤ

ጤና ይስጥልኝ፤ እንደምን ሰነበታችሁ። በዚህ ክፍል እንግዳ አልጋበዝሁም፤ ብቻዬን ነኝ። ይዤ የመጣሁት ደግሞ ለብዙ ጊዜ ላወራው እየፈለግሁ ስሸሸው የቆየሁትን ጉዳይ ነው፦ በጓቲማላ ምዕራባዊ ደጋ፣ በኬትሳልቴናንጎ ከተማ ዳርቻ፣ በአንዲት አነስተኛ የሚስዮን ትምህርት ቤት በመምህርነት ያሳለፍኋቸውን ሁለት ዓመታት፣ በተለይም በየወሩ መጨረሻ ለደጋፊዎቼ እጽፈው የነበረውን ደብዳቤ።

ከተማዋን ነዋሪዎቿ ጥንታዊ ስሟን አሳጥረው «ሼላ» ይሏታል። ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ያህል ከፍ ብላ ስለምትገኝ ከፍታዋ ከአዲስ አበባ እምብዛም አይለይም፤ የጠዋቱ ብርድም እስከ ዐሥራ አራት ዓመቴ ያደግሁበትን ሰፈር ኅዳርና ታኅሣሥ ያስታውሰኝ ነበር። በስተደቡብ ሳንታ ማሪያ የተባለው እሳተ ገሞራ ይታያል፤ በ1902 እ.ኤ.አ. ፈንድቶ አገሩን በአመድ የሸፈነው እርሱ ነው። በ1922 ከጎኑ የበቀለው ታናሹ ሳንቲያጊቶ ደግሞ እስከ ዛሬ ጢሱን አላቋረጠም። እኔ በመጀመሪያው ቀን መስኮቱ ላይ ተለጥፌ ጢሱን ስመለከት ተማሪዎቼ የሚመለከቱት እኔን ነበር።

ቀኔ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተኩል ላይ በጭብጨባ ድምፅ ይጀምራል። የተቀመጥሁበት ቤት እመቤት፣ ሁላችንም «ዶኛ» የምንላቸው፣ በኖራ ተቀቅሎ የተፈጨውን የበቆሎ ሊጥ በሁለት መዳፋቸው እያጨበጨቡ ቶርቲያ ይጠፈጥፉና ምጣዱ ላይ ያሳርፉታል። በግቢው መሐል «ፒላ» የሚሉት የሲሚንቶ ገንዳ አለ፤ መሐሉ የውኃ ማጠራቀሚያ፣ ግራና ቀኙ ማጠቢያ ነው። ልብሱም፣ ሳሕኑም፣ ፊትም የሚታጠበው እዚያው ቢሆንም፣ እጅን በቀጥታ ወደ ማጠራቀሚያው መንከር ግን ነውር ነው። እኔ በሁለተኛው ቀን ሳሙና የነካ እጄን ነከርሁበት፤ ዶኛም አንዲት ቃል ሳይተነፍሱ ውኃውን በሙሉ አፍስሰው፣ ገንዳውን አጥበው እንደገና ሞሉት። ከዚያ ወዲህ በጣሳ መጨለፍን ረስቼ አላውቅም። ስለ ቡናው ግን ብዙ ባልናገር ይሻላል፤ ጓቲማላ ምርጡን ቡናዋን ወደ ውጭ ትልካለች፤ በዶኛ ቤት የሚፈላው ቀጭን፣ በስኳር የጣፈጠ ውኃ ነበር፤ ሁለት ዓመት ሙሉ አመስግኜ ጠጣሁት።

ትምህርት ከጠዋቱ 1 ሰዓት ተኩል ላይ ይጀመራል። በአንድ ክፍል ሠላሳ አራት ልጆች ነበሩኝ፤ ሁለተኛና ሦስተኛ ክፍል አንድ ላይ። በጓቲማላ ልጆች ሴት መምህራቸውን «ሴኞ» ይላሉ፤ «ሴኞሪታ» የሚለው ተቆርጦ ነው። ሠላሳ አራት ልጅ በአንድ ጊዜ «ሴኞ፣ ሴኞ፣ ሴኞ» ሲል፣ በሁለት ወር ውስጥ እናቴ ያወጣችልኝን ስም የሚጠራ ሰው አጠገቤ አልቀረም። ከዚህ የበለጠ ያስገረመኝ ግን እነርሱን የምጠራበት መንገድ ነው። ሼላ ውስጥ ባሉት የስፓኒሽ ትምህርት ቤቶች በአንዱ ለአምስት ሳምንት ስማር፣ «ኡስቴድ» የሚለው ቃል የእኛ «እርስዎ» መሆኑን ተምሬ ነበር። ክፍል ስገባ ግን ጎረቤቴ መምህርት የሰባት ዓመቱን ልጅ «ኡስቴድ» እያለች ስታናግረው ሰማሁ። በአማርኛ ብንለው «እርስዎ ልጅ፣ አፍንጫዎን ይጥረጉ» እንደ ማለት ነው። በደጋው አገር እናትም ልጇን እንዲህ ታናግራለች፤ በውስጡ መራራቅ የለበትም፤ እንዲያውም ይሞቃል።

የማስተምረው ሒሳብ ነበር፤ ያሳፈረኝም ሒሳቡ ሳይሆን ቁጥሩ ነው። በስፓኒሽ ስድሳ «ሴሴንታ»፣ ሰባ ደግሞ «ሴቴንታ» ይባላል። በመካከላቸው ያለችው አንዲት ፊደል ምላሴ ላይ እየተገለባበጠች፣ ስድሳ ሁለት ያልሁ መስሎኝ ሰባ ሁለት እል ነበር፤ አንድ ቀን ከሰጠሁት ዐሥር ጥያቄ ውስጥ አራቱን የክፍሉ ግማሽ በስድሳ፣ ግማሹ በሰባ ሠርቶ አመጣልኝ፤ ሁሉም ልክ ነበሩ። ፊት ወንበር ላይ የሚቀመጥ አንድ ልጅ ከዚያ ቀን ጀምሮ ሥራውን ያዘ፦ እኔ ቁጥር በጠራሁ ቁጥር እጁን ያወጣና በትዕግሥት «ሴኞ፣ በስድስት ነው በሰባት?» ብሎ ይጠይቃል። እኔም በጣቴ አሳያለሁ።

የልጆቹ ቋንቋ ስፓኒሽ ሲሆን የአያቶቻቸው ግን ሌላ ነው። ለ36 ዓመት የዘለቀውና በታኅሣሥ 1996 እ.ኤ.አ. በተፈረመው የሰላም ስምምነት የተቋጨው ጦርነት፣ ከዚያም በፊት የነበረው ድህነት፣ ብዙዎቹን ሴት አያቶች ከትምህርት ቤት ደጅ አርቋቸዋል። ከትምህርት በኋላ ልጆቹን ሊወስዱ ሲመጡ እርስ በርሳቸው የሚጨዋወቱት በማያ ቋንቋቸው ነበር። የቋንቋው ስም በላቲን ፊደል ሲጻፍ ከመጀመሪያው ኬ ቀጥሎ ጭረት ይደረግበታል፤ ፈረንጆቹ ሚስዮናውያንም ያችን ጭረት ለማንበብ ጉሮሯቸውን ሲያስጨንቁ አይቻለሁ። በእኛ ፊደል ግን ጭረትም አያስፈልገውም፤ «ቂቼ» ብሎ መጻፍ ነው። ጠ፣ ጨ፣ ጸ፣ ቀ፤ እነዚህ ሁሉ አሏቸው። ብረትና መኪና «ጪጭ» ነው። አንዲት አያት የውሻን ስም፣ «ጺእ» የሚለውን፣ ሊፈትኑኝ ጠየቁኝና በመጀመሪያው ሙከራ ሳወጣው ሳቃቸውን መቆጣጠር አቃታቸው። ጥቁር ሰው ሲያዩ ከካሪቢያን ባሕር ዳርቻ፣ ከሊቪንግስተን የመጣች ጋሪፉና፣ ማለትም ከዚያ ጥቁር ሕዝብ ወገን ናት ብለው ነበር የሚገምቱት፤ ከዚያ ቀን በኋላ ግን ከየት እንደመጣሁ በትክክል ለማወቅ ፈለጉ።

መልሱ ሁልጊዜ ደስ የሚል ነገር ይዞ አልመጣም። በዕረፍት ሰዓት ልጆቹ ትኩስ «አቶል» ይጠጣሉ፤ ከሚጠጡት አንዱ በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. እዚያው ጓቲማላ ባለው የሥነ ምግብ ተቋም የተሠራው «ኢንካፓሪና» የሚባል የበቆሎ ዱቄት ድብልቅ ነው። መጀመሪያ ስቀምሰው ዓይኔ እንባ አቀረረ፤ እኛ ቤት በፋፋ ያደግን ልጆች ነን፤ ጣዕሙም ሽታውም የፋፋ ዘመድ ነው። ይህንኑ ለዶኛ እናት ስነግራቸው እጄን ይዘው፣ «እኛ እኮ ልጆቻችን አልበላ ሲሉን በኢትዮጵያ የሚራቡትን ልጆች አስቡ እንል ነበር» አሉኝና ሁለተኛ ቶርቲያ ጨመሩልኝ። በ1977 ዓ.ም. ድርቅ ጊዜ የተነሣው ፎቶግራፍ እስከ ሼላ ተራራ ድረስ ደርሷል ማለት ነው። እኔ ከድርቁ ብዙ ዓመት በኋላ፣ በአዲስ አበባ፣ ጠግቤ በልቼ ያደግሁ ልጅ ነኝ፤ ሜሪላንድ ትምህርት ቤት ስገባ ግን የክፍል ጓደኞቼ ምሳ ዕቃዬን እያዩ የሚቀልዱብኝ በዚያው ፎቶግራፍ ነበር። ፈገግ ብዬ ቶርቲያውን በላሁ፤ ውስጤ ግን ተቆጥቶ ነበር።

እንግዲህ ደብዳቤው እዚህ ላይ ይገባል። ደመወዝ አልነበረኝም፤ የምኖረው በሜሪላንድ ያለ አንድ ጉባኤና የተወሰኑ ቤተ ሰቦች በየወሩ በሚያዋጡት ገንዘብ ነው። በምላሹ በወሩ መጨረሻ አንድ ገጽ ተኩል ደብዳቤና ሁለት ፎቶግራፍ እልካለሁ። የሚከብደኝ መጻፉ ሳይሆን ቁም ነገር ማግኘቱ ነበር። ጓቲማላ ወንጌል ያልደረሰባት አገር አይደለችም፤ ወንጌላውያን ሚስዮናውያን በፕሬዚዳንት ሁስቶ ሩፊኖ ባሪዮስ ጥሪ የገቡት በ1882 እ.ኤ.አ. ነው፤ ዛሬ ከዐሥር ሰው አራቱ ያህል ወንጌላዊ ነው። በእኛ መንገድ ላይ ብቻ ሦስት አዳራሾች ነበሩ፤ ረቡዕ ማታ በድምፅ ማጉያ ሲፎካከሩ ማንኛቸው ምን እንደሚዘምሩ መለየት አይቻልም። የእኔ ሚስዮን ማባዛትና ማካፈል፣ እርሳስ መቅረጽ፣ አፍንጫ መጥረግ፣ ወረቀት ማባዣው ቤት ወረፋ መያዝ ነበር። ይህንን እንዳለ ጽፌ ስልክ፣ ድጋፉን የሚያስተባብሩልኝ ወንድም በትሕትና እንዲህ ሲሉ መለሱልኝ፦ «እህታችን፣ ደብዳቤሽ ጥሩ ነው፤ ግን ሰው ልቡ የሚነካበት ነገር ቢኖርበት።»

ልብ የሚነካውን ነገር አገኘሁት። በዝናቡ ወራት አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ከተማሪዎቼ የአንዷን ቤት ስጎበኝ፣ የስምንት ዓመቷ ልጅ ፒላው አጠገብ በርጩማ ላይ ቆማ የታናሽ ወንድሟን ልብስ ታሻለች። በእግሯ ያለው ጫማ ከፊቱ ተቀድዶ ሁለቱ ጣቶቿ ወጥተዋል፤ ከጣሪያው የሚወርደው ውኃ አጠገቧ ይንጠባጠባል። ስልኬን አወጣሁ። ቀና ብላ አይታኝ «ሴኞ» አለችኝ፤ እኔም በዚያች ቅጽበት አነሣኋት። ፎቶግራፉ ያማረ ነበር፤ ይህንን መካድ አልችልም። ከሥሩ «ጫማ የሌላቸው እግሮች» ብዬ ጻፍሁበት። ጉባኤው በፌስቡክ ገጹ ላይ አወጣው፤ አሳትሞም በአዳራሹ መተላለፊያ ላይ ሰቀለው። በዚያ ወር የመጣልኝ ድጋፍ ከቀደሙት ሦስት ወራት ድምር ይበልጥ ነበር።

ከሳምንታት በኋላ የልጅቷ እናት የዕረፍት ደወል ሲደወል በር ላይ ቆመው አገኘኋቸው። ጓቲማላዊ ሰው ደስ የማይል ነገር ሊነግራችሁ ሲፈልግ «ፊኼሴ ኬ» ብሎ ይጀምራል፤ በቁሙ «ልብ ይበሉ» እንደ ማለት ይሁን እንጂ ሥራው ልክ የእኛ «ምን መሰለሽ» ነው። ሰው ይህን ሲላችሁ የቀጠራችሁት ሠራተኛ አልመጣም፣ የታዘዘው ዕቃ አልደረሰም፣ ወይም ሌላ ነገር ተበላሽቷል ማለት ነው። «ፊኼሴ ኬ፣ ሴኞ» አሉኝ፤ «ባለፈው ቅዳሜ አባቷ ደውሎ ነበር።»

አባቷ ሜሪላንድ፣ ላንግሊ ፓርክ ነው የሚኖረው። ከእኛ አዳራሽ በመኪና ዐሥር ደቂቃ ያህል ቢሆን ነው፤ አብዛኛው ነዋሪ ከማዕከላዊ አሜሪካ የመጣበት ሰፈር ነው። ጣሪያ ይሠራል። አብሮት የሚኖር የአገሩ ልጅ በስልኩ ላይ ፎቶግራፉን አይቶ «ይህቺ የአንተ ልጅ አይደለችምን?» ብሎ አሳይቶታል። እርሱም ለሚስቱ ደውሎ በጥር ወር፣ ትምህርት ሲከፈት፣ ለጫማ የላከው ገንዘብ የት እንደ ገባ ጠየቃት። እናትየው ይህንን ሲነግሩኝ ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም። የትምህርት ቤቱ ጥቁር ጫማ፣ ተጠርጎ፣ በካርቶኑ ውስጥ አልጋ ሥር እንደሚቀመጥ፣ የተቀደደው ደግሞ ልብስ ሲታጠብ ብቻ የሚደረግ የውኃ ጫማ እንደሆነ ቀስ ብለው አስረዱኝ። እኔ ያን ጥቁር ጫማ በየቀኑ ክፍል ውስጥ አየው ነበር። ሠላሳ አራት ጥንድ ጫማ ፊቴ ተደርድሮ ይውላል፤ አንድም ቀን ግን ልብ ብዬ አላየሁትም።

እኔም ከልጅነቴ ጀምሮ በየወሩ መጨረሻ ለአያቴ ገንዘብ በሚላክበት ቤት ያደግሁ ነኝ፤ እናቴ በሁለት ሥራ መካከል ቆማ ደረሰኙን ስታጣጥፍ አይቻለሁ። አንድ ሰው የአያቴን የጓሮ ነጠላ ፎቶግራፍ አንሥቶ በአዳራሽ ቢሰቅልባት እናቴ ምን ትል እንደነበር ለመገመት አልተቸገርሁም። ይቅርታ ጠየቅሁ፤ ግን በስፓኒሽ ይቅርታ የሚባልበት ብዙ መንገድ አለና የትኛው ለዚህ እንደሚበቃ አላወቅሁም። እናትየውም ይቅርታውን ተቀብለው፣ «ቅዳሜ ይምጡ» አሉኝ።

ቅዳሜ ስሄድ ልጅቷ ሁይፒሏን፣ በእጅ የተሸመነውን የማያ ሴቶች ሸሚዝ፣ ለብሳ፣ ጸጉሯ በሪባን ተጎንጉኖ፣ ጥቁር ጫማዋን ተጫምታ እዚያው ፒላ አጠገብ ቆማለች። እናትየው ቦታውን ራሳቸው ነው የመረጡት። ፒላው ደርቆ ተወልውሏል፤ ጀርባውም ላይ ጥልፍ ጨርቅ ተነጥፏል። አላሳቁኝም፤ እኔም አላሳቅኋቸውም። ሦስት ጊዜ አነሣሁ፤ ሦስቱንም አንድ በአንድ አይተው፣ በሦስተኛው ላይ ጣታቸውን አሳርፈው፣ «ይህንን፣ ለእነዚያው ሰዎች» አሉኝ። ከዚያም የባለቤታቸውን ስልክ ቁጥር በደብተር ቅጠል ላይ ጽፈው ሰጡኝ።

ፎቶግራፉን ስለ ውኃ ጫማው ከሚያስረዳ ረጅም ደብዳቤ ጋር ላክሁት። አስተባባሪው አመሰገኑኝ፤ አዲሱን ገጹ ላይ አወጡት። በመተላለፊያው ላይ የተሰቀለውን ግን ማንም አላነሣውም፤ ወደ ሜሪላንድ ከተመለስሁ ወዲህም ለወራት በየእሑዱ ከሥሩ አልፌ ገብቻለሁ፤ ሰላምታ የሚሰጡኝ ሰዎችም «ያቺ ምስኪን ልጅ እንዴት ናት?» ይሉኛል። ባለፈው እሑድ ሕዝቡ ከወጣ በኋላ ወንበር ላይ ቆሜ አወረድሁት። አሁን እዚህ ከማይክሮፎኑ አጠገብ ተቀምጧል፤ ቁጥሩ የተጻፈበትን የደብተር ቅጠል በጀርባው ላይ ለጥፌበታለሁ። እስካሁን አልደወልሁም። ላንግሊ ፓርክ ዐሥር ደቂቃ ነው፤ ይህን ቀረጻ ስጨርስ እደውልላቸዋለሁ። ከዚያ በኋላ ምን እንደምል አላውቅም፤ አጀማመሩን ግን አውቀዋለሁ፤ «ፊኼሴ ኬ» ብዬ ነው የምጀምረው።