አያቴን ማን ጠየቃቸው?

እንዴት ናችሁ? ዛሬ ብቻዬን ነኝ። ደሴ፣ ቤታችን ሆኜ ነው የምቀዳው። የባጃጅ ጡሩምባ ከሰማችሁ ቻሉኝ።

ተነቅሻለሁ። ግራ ክንዴ ላይ፣ ከአንጓዬ ከፍ ብሎ፣ አንዲት የጤና አዳም ቅርንጫፍ። ወሬው ከእኔ ቀድሞ ሰፈር ስለደረሰ መደበቁም ዋጋ የለውም።

መጀመሪያ ያሰብኩት ሌላ ነበር። አያቴ አንገታቸው ላይ በመስመር በመስመር የወረደ ንቅሳት አላቸው። ግንባራቸው ላይ መስቀል አለ። ድዳቸውም ተወቅሯል፤ ሲስቁ ጥቁሩ ድድ ጥርሳቸውን ያጎላዋል። ያንን የአንገት መስመር ክንዴ ላይ ላስቀዳው ፈለግኩ። ፎቶ ላነሳ ስጠጋ «ለምንሽ ነው?» አሉኝ። ነገርኳቸው። ሳቁ። «እኔን ማን ጠይቆኝ ነው አንቺ የምትቀጅው?»

ከዚያ አወሩልኝ። ልጅ ነበሩ። ነቃሿ ሴትዮ ተጠርታ መጣች። የምጣድ ጥላሸት ተበጠበጠ፣ መርፌዎቹ በክር ታሰሩ፣ አክስቶቻቸው እጅና እግራቸውን ጥርቅም አድርገው ያዙ። ድዳቸው ሲወቀርማ ለቀናት እህል አልቀመሱም። «ቆንጆ ትሆኛለሽ አሉኝ። ሆንኩም» አሉና አንገታቸውን ቀና አደረጉ። ቂሙም ኩራቱም አብሮ አለ።

እኛ የእናቶችን አንገት ፎቶ እየለጠፍን «ባህላችን ሲያምር» እንላለን። ያምራል፣ አልክድም። ግን የዚያችን ልጅ እጅና እግር ማን እንደያዘው የሚጠይቅ የለም። እሳቸው ተይዘው የገቡበትን እኔ ከፍዬ፣ ወድጄ ነው የምገባው። መስመሩን ተውኩት። የጤና አዳሙ ትርጉም ምንድን ነው ለምትሉኝ፦ ሽታውን እወዳለሁ። በቃ።

ከስዕሉ ይልቅ ያስቸገረኝ ነቃሽ መምረጥ ነው። አንዱ ጋ ስገባ መርፌው ከማሸጊያው ወጥቶ ጠረጴዛ ላይ ተዘርግቷል። ምስጋና ይድረሰው ብዬ ወጣሁ። በደም የሚተላለፈውና ጉበትን የሚያጠቃው የሄፓታይተስ ቢ ቫይረስ ከሰውነት ውጭ ቢያንስ 7 ቀን መቆየት ይችላል። ደሙ ደርቋል ማለት ንጹህ ነው ማለት አይደለም። ሁለተኛው ልጅ አዲስ ጓንት አጠለቀ፣ የታሸገውን መርፌ ዓይኔ እያየ ቀደደ፣ ቀለሙን በትንሽዬ ኩባያ ቀዳና የተረፈው እንደሚደፋ ነገረኝ። ስዕሉን ሲያይ ደግሞ «ቅጠሎቹ በጣም ደቃቅ ናቸው። ቀለም በዓመታት ውስጥ ትንሽ ይሰፋል፤ ተጠጋግተው ጥቁር ነጠብጣብ ይሆኑብሻል። እናተልቀው» አለኝ። ያኔ አመንኩት።

በባዶ ሆድ እንዳትመጪ ስለተባልኩ ጥሩ ቁርስ በልቼ ሄድኩ። ሕመሙ ያን ያህል አይደለም፤ ወደ አንጓው ሲጠጋ ግን ጥርስ ያስነክሳል። መርፌው ከ1 እስከ 2 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው የሚገባው። የላይኛው ቆዳ እየተላጠ ይተካል፤ ቀለሙ የሚቀመጠው ከእሱ ሥር ስለሆነ አብሮ አይሄድም። ጥቁሩ ቀለም ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ካርቦን ነው፤ የምጣዱ ጥላሸትም ያው ካርቦን። ይህንን ለአያቴ ብነግራቸው «ታዲያ ለጥላሸት ነው ይህን ሁሉ ብር የከሰከስሽው?» አሉኝ። መልስ የለኝም።

ሲድን ያሳክካል፣ ይላጣል። መፎከት ክልክል። ሽታ በሌለው ሳሙና ቀስ አድርጎ ማጠብ፣ ከፀሐይ መከለል። አያቴ ቅቤ ይዘው ሲመጡ ጓሮ ለጓሮ ሸሸሁ።

የቀረው የቤተሰብ ጉዳይ ነው። ቤታችን ግማሹ ሙስሊም፣ ግማሹ ክርስቲያን ነው፤ ወሎ አይደል እንዴ? ስለዚህ ተግሳጹም ከሁለቱም ወገን ነው። አጎቴ ንቅሳትን የሚከለክለውን ዘሌዋውያን 19፥28ን ጠቀሰልኝ። «የእናትህ ግንባርስ?» ስለው ቡናውን ማማሰል ያዘ። ኮምቦልቻ ያለችው አክስቴ ደግሞ ሐራም መሆኑን አስታወሰችኝ። ግን ክንዴን አገላብጣ አገላብጣ አየችው።

«በሂና አይሆንም ነበር?»

«ሂናማ ይለቃል» አልኳት።

«እኮ!» አለችኝ። ክርክሩ ለአረፋ ስንገናኝ ይቀጥላል።