ማንም የማያነበው ደብተር

የተከበራችሁ የሥራ ባልደረቦቼ፣ ውድ የአንደኛ ዓመት ተማሪዎች፤ እንደምን ዋላችሁ።

የሥነ ጽሑፍ ክበቡ የጋበዘኝ ስለ ድርሰት እንድናገር ነበር። ፈቃዳችሁ ከሆነ ግን ለውድድር ስለማይቀርበው፣ መድረክ ላይ ስለማይነበበው ጽሑፍ ላውራችሁ፤ በየቀኑ ለራስ ብቻ ስለሚጻፈው የዕለት ማስታወሻ። ብዙዎቻችሁ ከቤተሰብ ርቃችሁ ስትኖሩ ይህ የመጀመሪያችሁ ነው። ዘንድሮ የምታዩትን ያህል አዲስ ነገር በአንድ ዓመት ውስጥ ዳግም ላታዩ ትችላላችሁ፤ ካልተጻፈ ደግሞ አብዛኛው ይረሳል።

ዋናው ነገር ለማንም አለመታየቱ ነውና እሱ ላይ ትንሽ ልቆይ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የዕለት ማስታወሻ የጻፈችውን አይሁዳዊት ልጅ፣ አን ፍራንክን ታውቋታላችሁ። ሰኔ 1942 እ.ኤ.አ. 13 ዓመት ሲሞላት ደብተር ተሰጣት፤ ጥቂት ሳምንታት ቆይቶ ቤተሰቡ ናዚዎችን ፈርቶ አምስተርዳም ውስጥ ተደበቀ። ልጅቷም እየጻፈች ሁለት ዓመት ገደማ ኖረች። በመጋቢት 1944 በስደት ላይ የነበረው የኔዘርላንድስ መንግሥት ሚኒስትር በሬዲዮ ቀርቦ፣ ከጦርነቱ በኋላ የሕዝቡ ማስታወሻዎችና ደብዳቤዎች እንደሚሰበሰቡ ተናገረ። አን ይህን ከሰማች በኋላ የጻፈችውን ከመነሻው አንስታ በተናጠል ወረቀቶች ላይ እንደገና መጻፍ ጀመረች። አንዳንዱን ተወችው፣ አንዳንዱን አሳመረችው። ነሐሴ ላይ ተይዛ ተወሰደች፤ ሥራውም ሳያልቅ ቀረ። እንደገና መጻፏ ደራሲነቷን ያሳያል፣ አከብረዋለሁ። ነገር ግን አንባቢ ይመጣል የሚለው ሐሳብ ብቻ የዚያችን እውነተኛ ልጅ እጅ እንዴት እንደለወጠው ልብ በሉ። እኛም እንደዚያው ነን። ሰው ያየዋል ብለን ስንጽፍ አባታችን እንዳያዝን፣ ጓደኛችን እንዳይቀየም፣ እኛም ጨዋ መስለን እንድንታይ እያስተካከልን እንጽፋለን።

በአገራችን ደግሞ ጽሑፍን መፍራት የራሱ ታሪክ አለው። በ1969 ዓ.ም. በደርግ ዘመን የቤት ለቤት አሰሳ ሲካሄድ ብዙ ቤተሰብ መጽሐፉንም ወረቀቱንም በገዛ እጁ አቃጥሏል፤ የቀበረም አለ። ከዚያ ዘመን የተረፉ እናቶች «ልጄ፣ አትጻፍ» ቢሉ አይፈረድባቸውም። ስለዚህ «ደብተሬን የት ላስቀምጠው?» ብሎ የሚጠይቀኝን ተማሪ ጥያቄ አልንቅም።

ስድስት ሆናችሁ በምትኖሩበት ዶርም፣ ትራስ ሥር የገባ ደብተር ሳምንት ሳይሞላው ይነበባል። ከሌክቸር ደብተር የማይለይ ባለ 50 ሉክ ግዙ፤ ሽፋኑ ላይ የአንድ ኮርስ ስም ጻፉበትና ሎከራችሁ ውስጥ ከሌሎቹ መሐል አስገቡት። የቆዳ ሽፋን ያለው ያማረ ደብተር ዓይን ይስባል። ስልክ ላይ መጻፍ እንደሚቀልላችሁ አውቃለሁ፤ ስልክ ግን ጓደኛ ይዋሰዋል፣ ስክሪኑ ሲሰበርም ጥገና ቤት ያድራል። የሌላ ሰው ምስጢር የነካችሁ እንደሆነ ስሙን አትጻፉ፤ እናንተ ብቻ የምታውቁት አንድ ፊደል ይበቃል።

ምን እንጻፍ? ትንሹን ነገር። ሳሙኤል ፒፕስ የሚባል የለንደን ሰው፣ የባሕር ኃይል ጽሕፈት ቤት ሹም፣ ከ1660 እስከ 1669 እ.ኤ.አ. ውሎውን ሾርትሃንድ በሚባለው ፈጣን የአጻጻፍ ዘዴ ይጽፍ ነበር። በ1666 ለንደን ስትቃጠል እሳቱ ወደ ሰፈሩ ተቃረበ፤ እሱም ጉድጓድ ቆፍሮ ወይኑንና የፓርሜዛን አይቡን እንደቀበረ ጽፏል። የተቃጠለውን ቤት ብዛት ከሌላ ሰነድም እናገኛለን፤ የአንድ ሰው ድንጋጤ እስከ አይቡ ድረስ የተቀመጠልን ግን እሱ በዚያ ሰሞን ስለጻፈ ነው።

«ዛሬ ከፍቶኝ ዋለ» ብሎ ደብተር መዝጋት ይቻላል። ከዓመት በኋላ ስታነቡት ግን ምን እንዳስከፋችሁ አይነግራችሁም። «ካፌ ሰልፍ ላይ ቆሜ ሳለ ለ. አይታኝ እንዳላየች አለፈች። ሽሮዬን ሳልጨርስ ወጣሁ። ማታ መልእክት ጻፍኩላትና ሳልልከው አጠፋሁት» ብትሉስ? ቀኑ ከነሰዉ እዚያው አለ።

የከበደ ነገር ያጋጠማችሁም ጻፉት። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ጀምስ ፔንቤከር በ1986 እ.ኤ.አ. ከባልደረባው ጋር ባሳተመው ጥናት ተማሪዎችን ለአራት ተከታታይ ቀናት፣ በቀን 15 ደቂቃ አስጻፈ። የደረሰባቸውን ከባድ ነገር ከነስሜታቸው የጻፉት፣ ስለ ተራ ነገር ከጻፉት ይልቅ በቀጣዮቹ ወራት ወደ ክሊኒክ የሄዱት ጥቂት ጊዜ ነው። ሲጽፉ ግን መጀመሪያ ላይ ከፍቷቸው ነበር፤ ይህንን አስቀድማችሁ እወቁት። በኋላ በተሠሩ ጥናቶች ይበልጥ የተጠቀሙት፣ በጽሑፋቸው ውስጥ «ምክንያቱም» እና «አሁን ገባኝ» የሚሉ ዓይነት ቃላት ከቀን ወደ ቀን የጨመሩላቸው ሆነው ተገኝተዋል። ያንኑ ቁስል በዚያው ቃል ለሳምንታት እየደጋገማችሁ እንደሆነ ካያችሁ ደብተሩን ዝጉና ለሰው ተናገሩ፤ ለምታምኑት ጓደኛ፣ ለሃይማኖት አባት ወይም ለግቢው የምክር አገልግሎት።

ልማዱን ስለ ማቆየት ብዙ አልልም። ከእራት መልስ ላይብረሪ ስትገቡ፣ የትምህርቱን ደብተር ከመክፈታችሁ በፊት፣ አምስት መስመር ጻፉ። ለንደን ውስጥ በ96 ሰዎች ላይ በተደረገ ጥናት አንድ ልማድ ለመጽናት በአማካይ 66 ቀን ገደማ ፈጅቷል፤ ከሰው ሰው ልዩነቱም ሰፊ ነበር። ደስ የሚለው፣ አንድ ቀን መዝለል ልማዱን አላፈረሰውም። ስለዚህ ያመለጣችሁን ቀን ለማካካስ ወደ ኋላ አትመለሱ። የዛሬን ቀን ጻፉና ቀጥሉ። በፈተና ሰሞን አንድ መስመርም ጽሑፍ ነው።

ደብተሩ ሲሞላ ምን እናድርገው ለምትሉ፣ ለማንበብ አትቸኩሉ፤ ቢያንስ ዓመት ይክረም። ማቃጠልም መብታችሁ ነው፤ የእናንተ ነውና። በተናደዳችሁበት ቀን ግን አታቃጥሉት። ቤት ስትሄዱ ይዛችሁት ሂዱ፣ ቆልፉበት፣ ስትረጋጉ ወስኑ።

ለጥያቄ ክበቡ ጊዜ ይዟል። በሰው ፊት ለመጠየቅ የሚከብዳችሁ ካላችሁም አዳራሹ ሲበተን እዚሁ እቆያለሁ። ስላዳመጣችሁኝ አመሰግናለሁ።