እሳቱ ሰ እና ንጉሡ ሠ

እንደምን ሰነበታችሁ። ዛሬ ብቻዬን ነኝ። ውጭ ዝናብ እየጣለ ነው፤ የቆርቆሮው ድምፅ ከገባ ይቅርታ።

የማወራችሁ ስለ እማዬና ስለ አንዲት ባዶ ካሬ ነው።

እማዬ መስቀለኛ ቃላት ነፍሷ ነው። ጋዜጣ ላይ ካየች እስክሪብቶ ፍለጋ ቤቱን ታተራምሰዋለች። አሁን ግን ቤታችን ጋዜጣ የሚገዛ የለም። ታዲያ ባለፈው ወር፣ ለምን ራሴ አልሠራላትም አልኩ። ኢንተርኔቱ ላይ በነፃ የሚሠሩልን ሞልተዋል። ቃልና ፍንጭ ታስገባላችሁ፣ እሱ ያጠላልፍላችኋል፣ ማተም ብቻ ነው።

መጀመሪያ ግን የሞከርኩት ቃላት ፍለጋውን ነው። ያው በፊደል በተሞላ ሰንጠረዥ ውስጥ ቃል የሚደበቅበትን። የወጥ ቤት ነገር ደረደርኩ፤ ሽሮ፣ በርበሬ፣ ኮረሪማ፣ እርድ። ድረ ገጹ በሰከንድ ሠራልኝ። ሳየው ለካ ባዶውን ቦታ የሞላው በኤ ቢ ሲ ዲ ነው! ኮረሪማ በፈረንጅ ፊደል መሃል ተጎልታለች። ይሄን ለማግኘት መነጽርም አያስፈልግ።

እልህ ያዘኝና ጉግል ሺትስ የሚባለውን የሰንጠረዥ መሥሪያ ከፈትኩ። እያንዳንዱ ፊደላችን በዩኒኮድ፣ ማለትም ኮምፒውተር ፊደላትን በሚለይበት የቁጥር ዝርዝር፣ የራሱ ቁጥር አለው፤ ሀ 4608 ነው፣ ሁ 4609፣ እንዲህ እያለ ይቀጥላል። ራንድቢትዊን በሚባለው ፎርሙላ ከዚያ መሃል በዘፈቀደ አስመረጥኩት። አሁን ደግሞ የትግርኛው ቐ፣ እኔ ጽፌው የማላውቀው ዸ፣ ምኑ ቅጡ፣ ሁሉም ተግተልትሎ መጣ። በመጨረሻ የገባኝ ዘዴ ቀላል ነው። መሙያውን ከራሳቸው ከተደበቁት ቃላት ፊደላት ብቻ ማስመረጥ። ያኔ ኮረሪማ ዙሪያዋን ሌላ ኮ፣ ሌላ ሪ፣ ሌላ ማ ይከባታል። ዓይን ይስታል። አንድ ነገር ብቻ ልንገራችሁ፤ የሰንጠረዡን አንዲት ሴል በቀየራችሁ ቁጥር ፎርሙላው ፊደሉን ሁሉ እንደ አዲስ ይበውዘዋል። ቶሎ ኮፒ አድርጋችሁ ያለ ፎርሙላው ለጥፉት። እኔ ሁለት ጊዜ ጠፍቶብኛል።

መስቀለኛው ግን ሌላ ጣጣ ነው። የመጀመሪያው እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 21 ቀን 1913 ኒው ዮርክ ዎርልድ ጋዜጣ ላይ ወጣ፤ የሠራው አርተር ዊን ነው። ዊን እንግሊዝኛ ነበር የያዘው። ቃል ከቃል ለማጋጠም ኤ ወይም ኢ ፈልጎ ያገናኛል። እኛ ጋ አናባቢው ፊደሉ ውስጥ ገብቷል። "ቤት" እና "ቶሎ" አይጋጠሙም፤ ት ሌላ፣ ቶ ሌላ። ሰላም ደግሞ ሦስት ካሬ ብቻ ነው። ቃሉ አጭር፣ የፊደሉ ዓይነት ከሁለት መቶ በላይ። ማሽኑ ከሃያ ቃሎቼ ስምንቱን "አልገባልኝም" ብሎ መለሰልኝ።

ያዳነኝ ሳድስ ነው። ት፣ ን፣ ም፣ ር፣ ስ። ቃሎቻችን ሲጨርሱ ስንቱ በሳድስ እንደሚጨርስ ያን ቀን ነው ያስተዋልኩት። ሰላም፣ ፈረስ፣ ወንበር፣ ሌሊት። መጨረሻው በሳድስ የሆነውን ወደ ታች፣ በሳድስ የሚጀምረውን ወደ ጎን። እንደዚያ እያልኩ በእርሳስ አሥራ ስድስት ቃል አጋጠምኩ። ፍንጭ መጻፉ ደግሞ ደስ ሲል! ለጤዛ የድሮውን እንቆቅልሽ አስገባሁላት፤ "ስሄድ አገኘኋት፣ ስመለስ አጣኋት።" ለ"ገና" ደግሞ "ሲጠብቅ በዓል፣ ሲላላ ጊዜው ያልደረሰ" አልኩ። መጥበቅና መላላቱ አለመጻፉ ለእንቆቅልሽ ሠሪ ሲሳይ ነው።

ቅዳሜ ከቡና በኋላ ሰጠኋት። መነጽሯን አደረገች። ጤዛን ፍንጩን ሳትጨርስ ሞላች። እኔ ስኒ እያጠብኩ ሰርቄ አያታለሁ። በሃያ ደቂቃ ጨርሳ ወረቀቱን ገፋ አደረገችው። አየሁት፤ አንድ ካሬ ባዶ ነው።

"እማዬ፣ ይቺን ረሳሻት።"

"አልረሳሁም።"

ወደ ታች "ዘውድ የሚጭን" ይላል፣ ንጉስ። ወደ ጎን "ዳቦ የሚሆን እህል"፣ ስንዴ። የሚገናኙት ስ ላይ ነው። ን እና ጉን ጽፋለች። ን እና ዴንም ጽፋለች። መሃሏን ትታታለች።

"ንጉሥ በንጉሡ ሠ ነው" አለችኝ። "ስሙ እኮ ይናገራል! ስንዴ ደግሞ በእሳቱ ሰ። በየትኛው ልጻፈው?"

እማዬ ፊደል የቆጠረችው የኔታ ዘንድ ነው። ሃሌታው ሀ፣ ሐመሩ ሐ፣ ብዙኃኑ ኀ ለእሷ ሦስት የተለያዩ ሰዎች ናቸው። እኔ ስልኬ ያመጣልኝን ነው የምጽፈው። ዛሬ ሁሉም እያቀላቀለ ነው የሚጽፈው፣ ድምፁ አንድ ነው ብዬ ልከራከር ሞከርኩ።

"እንግዲያው እዚህ ላይ በትክክል የሚገባውን አንቺ ንገሪኝ" አለች። ዝም አልኩ።

"አላወቅሽም?"

"አላወቅኩም።"

ወረቀቱን አጠፈችው። "አገር ስጪኝ።"

"እማዬ፣ ጠያቂዋ እኮ እኔ ነኝ!"

"አገር ስጪኝ ብያለሁ።"

ጎንደርን ሰጠኋት።